ጡረታ የማያወጣው መሥሪያ ቤት ለሌለው ነጋዴ፦ የአክሲዮን ትርፍ ከሐላልነቱ እስከ ግብሩና ዘካው



ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከየቀበሌው በቆሎው፣ ዳጉሳውና ጤፉ ይገባል፤ ገበሬውም ሸጦ ሲመለስ ጨርቁን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን ይዞ ይገባል። በዚህ ገበያ ሱቅ ከፍተው፣ እህል ሸምተው ወይም ልብስ ሰፍተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። ጉልበት እስካለ ድረስ ሥራው ያኖራል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ሕመም ሲመጣ ግን ሱቁ ይዘጋል፤ ገቢውም አብሮ ይቆማል።

ተቀጣሪ ሠራተኛ ጡረታ አለው። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደሞዙ 7 በመቶ ይዋጣል፤ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ 60 ዓመት ሲሞላው የአገልግሎት ዘመኑ ከበቃ እየተከፈለው ይኖራል። ነጋዴው 11 በመቶ የሚጨምርለት ቀጣሪ የለውም። ባንክ አስቀምጦ ወለድ እንዳይበላ ደግሞ ዲኑ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የእርጅናችንን ነገር ለልጆቻችን ትተነዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን «አክሲዮን ብገዛስ? በየዓመቱ የሚከፈለው ትርፍ ጡረታ አይሆነኝም ወይ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም «ይሆናል» ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች አስቀድመው መታየት አለባቸው። ትርፉ ከየት ይመጣል? በእርግጥ በእጅ ይገባል ወይ? ከግብርና ከዘካ በኋላስ ምን ያህል ይተርፋል?

አክሲዮን ከወለድ በምን ይለያል?

አክሲዮን የገዛ ሰው ለድርጅቱ አላበደረም፤ የድርጅቱ ባለቤት ከሆኑት አንዱ ሆኗል። ድርጅቱ ካተረፈ እንደ ድርሻው ያገኛል፤ ከከሰረ ይከስራል። ትርፍ በሌለበት ዓመት የሚከፈል ነገር የለም። ይህ ሽርክና ነው፤ ሽርክና ደግሞ በሸሪዓችን የታወቀ የንግድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ገንዘብህን ስጠኝ፤ ብናተርፍም ብንከስርም በየወሩ ይህን ያህል ቁርጥ ትርፍ እሰጥሃለሁ» ካለ ግን ስሙን አክሲዮን ቢለውም ነገሩ ወለድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማጭበርበር ሆኖ ይገኛል።

የአክሲዮኑ ውል ሽርክና መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ድርጅቱ የሚሠራው ሥራም ሐላል መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የብሔራዊ ባንክ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች መንገድ የተከፈተላቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመሩ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ ከወለድ ነፃ መስኮት የሌለው ባንክ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ምክንያት «ባንኩ ከወለድ ነፃ መስኮት ስላለው አክሲዮኑም ሐላል ነው» የሚል አስተሳሰብ ተስፋፍቷል።

ሒሳብ መክፈትና ባለአክሲዮን መሆን የተለያዩ ናቸው። በመስኮቱ ሒሳብ የከፈተ ሰው ገንዘቡ ለብቻው ይያዝለታል። አክሲዮን የገዛ ሰው ግን የመላው ባንክ ባለቤት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈለው ትርፍ መስኮቱ ያስገኘውንና በወለድ ከማበደር የተገኘውን አንድ ላይ የቀላቀለ ነው። ዋና ሥራቸው በወለድ ማበደር የሆኑ ድርጅቶችን አክሲዮን መግዛት እንደማይፈቀድ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚን ጨምሮ የዘመናችን የዑለማ ጉባዔዎች ወስነዋል።

ቀድሞ ሳያውቅ የገዛ ወንድም ወይም እህት ተስፋ አይቁረጥ። ዑለማዎች የሚመክሩት አክሲዮኑን ሸጦ መውጣት፣ ዋናውን ገንዘብ መያዝ፣ ከወለድ የመጣውን ክፍል ደግሞ የሶደቃ አጅር ሳይታሰብበት ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም ማስወገድ ነው። ከወለድ ገንዘብ 2.5 በመቶ ዘካ ማውጣት ቀሪውን ሐላል አያደርገውም።

ከባንክ ውጪ ያሉ ድርጅቶችስ? ለምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የ10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ ግዢውም በቴሌብር ይፈጸም ስለነበር ከዱርቤቴ ሳይወጡ መግዛት ይቻል ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። እንዲህ ዓይነት ዕድሎች እየበዙ ሲሄዱ መመዘኛ ያስፈልጋል።

የእስልምና ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት (አዮፊ) መመዘኛ የድርጅቱ ዋና ሥራ ሐላል እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያም በወለድ የተበደረው ገንዘብ ከድርጅቱ የገበያ ዋጋ 30 በመቶ፣ በወለድ ያስቀመጠውም 30 በመቶ እንዳያልፍ፤ ከሐራም ምንጭ የገባው ገቢም ከጠቅላላ ገቢው ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህም ሆኖ ያቺ ትንሽ የሐራም ክፍል ከትርፉ ተሰልታ መወገድ አለባት። የድርጅቱን ዓመታዊ የኦዲት ሪፖርት ይዞ ፋይናንስ የሚያውቅ ዓሊም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ትርፉ በእጅ ይገባል ወይ?

አዲስ የተቋቋመ ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይከፍል ይችላል። ትርፍ ቢኖርም በሕግ የሚያዘው መጠባበቂያ ቀድሞ ይቀነሳል። ቀሪው እንዲከፋፈል የሚወስነው ጠቅላላ ጉባዔው ነው። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ማድረጉን ተከትሎም ብዙ ባለአክሲዮኖች ትርፋቸው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በተጨማሪ አክሲዮን መልክ ሲመጣ አይተዋል። በ35 ዓመቱ ላለ ሰው ይህ ጥሩ ነው፤ ድርሻው ያድግለታል። በትርፉ ዱቄት ሊገዛ ላሰበ ሽማግሌ ግን አክሲዮን እንጀራ አይሆንም።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ባለፉት ዓመታት ስንት በመቶ እንደተከፈለና በጥሬ ገንዘብ መከፈሉን እንጠይቅ። በመቶኛ የሚነገረው ትርፍ የሚሰላው በተከፈለው የአክሲዮን ዋጋ ላይ መሆኑንም እናስታውስ። ለአገልግሎት የተከፈለውና ከአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ በላይ የተሰጠው ብር ትርፍ አይታሰብለትም። ሌላው ደግሞ ትርፉ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ለ12 ወር ከፋፍሎ መያዝ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ግብሩ

አንድ የዱርቤቴ ነጋዴ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ የ25,000 ብር አክሲዮን እየገዛ 20 ዓመት ቢቆይ እንበል፤ በወር ከ2,100 ብር አይበልጥም። በ60 ዓመቱ የ500,000 ብር አክሲዮን ይኖረዋል። ድርጅቱ በዚያ ዓመት 12 በመቶ ትርፍ ቢያከፋፍል 60,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው፤ 12 በመቶ ማንም ዋስትና የሚሰጥበት አይደለም።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በትርፍ ድርሻ ላይ 10 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ግብሩን ቀንሶ ለገቢዎች የሚያስገባው ከፋዩ ድርጅት ነው። በዚህ ስሌት 6,000 ብር ተቀንሶ 54,000 ብር፣ በወር 4,500 ብር ይደርሰዋል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ስለተሻሻለ ግን ክፍያው በሚፈጸምበት ጊዜ የሚሠራበትን ምጣኔ ከድርጅቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምጣኔው 15 በመቶ ቢሆን ለምሳሌ 9,000 ብር ተቀንሶ በወር የሚደርሰው 4,250 ብር ይሆናል።

ይህ ግብር የመጨረሻ ግብር ነው። የተቀነሰበት ነጋዴ ያንኑ ትርፍ ከሱቁ ገቢ ጋር ደምሮ ድጋሚ ግብር አይከፍልበትም። ስለዚህ ግብሩ መቀነሱን የሚያሳየው ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ በጥንቃቄ ይቀመጥ። አክሲዮኑን ለመሸጥ የሚያስብ ደግሞ ሌላ ግብር ይጠብቀዋል። አዋጅ 979/2008 ከአክሲዮን ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 30 በመቶ ደንግጎ ነበር። ይህ የሚሰላው በጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ ላይ ሳይሆን ከግዢው በላይ በተገኘው ጭማሪ ላይ ነው። የተገዛበት ሰነድ ከጠፋ ጭማሪውን ማስረዳት ይከብዳል። ከመሸጥ በፊት እዚህም ላይ በሥራ ላይ ያለው ምጣኔ ይጠየቅ።

ዘካው

ለመንግሥት የተከፈለ ግብር ዘካን አያነሳም። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባዔ የአክሲዮንን ዘካ እንዲህ ለይቶታል። ድርጅቱ ራሱ የባለአክሲዮኖቹን ዘካ የሚያወጣ ከሆነ ይበቃል። ካላወጣና ባለአክሲዮኑ ከድርጅቱ ሒሳብ ዘካ የሚገባውን ንብረት ማወቅ ከቻለ የድርሻውን ያወጣል። ማወቅ ካልቻለና አክሲዮኑን የያዘው ለዓመታዊ ትርፉ ከሆነ፣ ዋናው ላይ ሳይሆን የተቀበለው ትርፍ ላይ፣ ከተቀበለበት ቀን አንድ የሒጅራ ዓመት ሲሞላው 2.5 በመቶ ያወጣል። ሊሸጥና ሊነግድበት የያዘው ግን እንደ ንግድ ዕቃ በገበያ ዋጋው ያወጣል።

የእህል ዘካ በአጨዳ ቀን ስለሚወጣ ገበሬ ወንድሞቻችን ይህም እንደዚያ ይመስላቸዋል፤ በአካዳሚው ውሳኔ ግን ዓመት መሙላት ያስፈልገዋል። ነጋዴያችን 54,000 ብሩን ዓመት ሳይሞላው ለቀለብ ከጨረሰው በእሱ ላይ ዘካ የለበትም። ከዚያ 20,000 ብር ተርፎ ዓመት ቢሞላውና ከሱቁ ዕቃና ከሌላ ገንዘቡ ጋር ተደምሮ ኒሷብ ቢሞላ፣ ከ20,000ው 500 ብር ያወጣል። ያንኑ የ500,000 ብር አክሲዮን ለመነገድ ይዞት ቢሆንና የገበያ ዋጋው ያው ቢሆን ግን ዘካው 12,500 ብር ይሆን ነበር። ኒያው ሒሳቡን እስከዚህ ድረስ ይለውጠዋል።

ከመጀመራችን በፊት

በወር 4,500 ብር ዛሬ ባለው የኑሮ ውድነት ቤት አያስተዳድርም፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ዋጋው ይበልጥ ይወርዳል። ስለዚህ አክሲዮን ከሱቁ፣ ከመሬቱና ከሚከራይ ክፍሉ ጎን የሚቆም አንድ ምሰሶ እንጂ ብቸኛ ምሰሶ አይሁን። በወጣትነት የሚመጣውን ትርፍ መልሶ አክሲዮን መግዛት፣ ገንዘቡንም በአንድ ድርጅት ብቻ አለማስቀመጥ ይረዳል። በብድር መግዛት ግን፣ በተለይ በወለድ፣ ከጀመሩበት ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ስማችን በድርጅቱ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ መስፈሩን እናረጋግጥ። በወንድም ወይም በጓደኛ ስም የተገዛ አክሲዮን ሰውየው ሲሞት የእሱ ወራሾች ይካፈሉታል። ለባለቤታችንና ለልጆቻችንም የአክሲዮኑን መኖር እንንገራቸው፤ ወረቀቱ የት እንዳለ ይወቁ። ያልታወቀ አክሲዮን ሚስትንም ልጅንም ከሚራሳቸው ያጎድላል፤ ትርፉም ጠያቂ አጥቶ ይቀመጣል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እርጅናችንንም ሰው የማንቸገርበት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።