ቻርጀሩ ሲከፈት

ካዛንቺስ ውስጥ ስልክና ቻርጀር እየጠገንኩ ነው የምተዳደረው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ደንበኞቼ ተበተኑ፤ ወደ ገላን ጉራ የተዛወሩት ሳይቀሩ ግን አሁንም ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። አንዲት እናት በቅርቡ ቻርጀራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ስልኩን በነካሁ ቁጥር ይነዝረኛል» አሉኝ።

ቻርጀሩ ላይ ምልክት ሞልቷል። የአውሮፓው ሲኢ አለ፤ ካሬ ውስጥ የገባ ካሬም አለ። ሁለቱ ካሬዎች «መከላከያዬ ድርብ ነው፣ የመሬት ሽቦ አያስፈልገኝም» ማለት ናቸው። ከፈትኩት።

ደህና ቻርጀር ውስጥ ቦርዱ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንዱ ወገን ከሶኬት የገባው 220 ቮልት ተቀይሮ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ በሌላው ወገን ለስልኩ የሚሄደው 5 ቮልት አለ። በመካከላቸው ምንም ነገር የሌለበት መስመር ይተዋል፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚጠይቀው ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። መስመሩን መሻገር የሚችሉት ጥቂት ክፍሎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ሲበላሽ ሾርት እንዳያደርግ ተብሎ የተሠራ ልዩ ካፓሲተር ነው። ፍተሻ ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል 3 ሺህ ቮልት ገደማ ይለቀቅበታል። ያንን ከቻለ ያልፋል።

የእኚህ እናት ቻርጀር ውስጥ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ካፓሲተሩ ተራ ነው፤ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ጤነኛ ቻርጀርም ብረት ገላ ባለው ስልክ ላይ ትንሽ ሊነዝር ይችላል፤ በዚያ ልዩ ካፓሲተር በኩል ደረጃው የሚፈቅደው እስከ 0.25 ሚሊ አምፒር የሚደርስ ጅረት ያልፋልና። የእሳቸው ግን ካፓሲተሩ አንድ ቀን ሾርት ቢያደርግ፣ የሶኬቱ ኃይል በቀጥታ እጃቸው ላይ ነው። «በሉ እትዬ፣ ይሄ አይጠገንም» አልኳቸው።

ታዲያ ሲኢው ምን ሊሠራ ተለጠፈ? ሻጮች «ፊደሎቹ ከተጠጋጉ ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው» ይላሉ። እንዲህ የሚባል ምልክት የለም። ፊደሎቹን አራርቆ ማተምም ለአጭበርባሪ አይከብደውም። ዋናው ነገር፣ እንዲህ ላሉ ዕቃዎች ሲኢን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ መሆኑ ነው፤ «ሕጉን አሟልቻለሁ» ብሎ በራሱ ኃላፊነት ያውጃል። የአሜሪካው ዩኤል ለየት ይላል። በ1894 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተጀመረው፣ አዲሱ ኤሌክትሪክ የሚያስነሳው እሳት ኢንሹራንሶችን ስላሰጋቸው ነው፤ ፈታሹ ከሻጩ የተለየ ሦስተኛ ወገን ነው።

እኛም ጋ መዋቅሩ አለ። የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ለአራት ተከፍሎ፣ ደረጃ የሚያወጣው፣ ፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው፣ የመለኪያዎችን ትክክለኛነት የሚጠብቀውና ለፈታሾቹ ራሳቸው ዕውቅና የሚሰጠው ተለያዩ። ደረጃም ሁለት ዓይነት ነው፤ በፈቃደኝነት የሚከበርና አስገዳጅ። አስገዳጁን ያላሟላ ዕቃ አገር ውስጥ መግባት የለበትም። የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የሚያጸድቀው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይህ ሁሉ በኮንቴይነር ለሚገባው ነው። በሻንጣ የሚገባውን ማን ይከፍተዋል? በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም የስልኮችን መለያ ቁጥር መመዝገብ ሲጀምር ከተማው ሁሉ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል እየነካ 15ቱን አኃዝ ያይ ነበር። ቻርጀር እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ከግድግዳው ጋር የሚገናኘው ግን እሱ ነው።

የምስክር ወረቀትም ቢሆን መነበብ አለበት። የፍተሻ ውጤት ለተፈተሸው ሞዴል ብቻ ይሠራል፤ ፋብሪካው በኋላ ውስጡ ርካሽ ዕቃ ከከተተበት ወረቀቱ ያው ነው፣ ዕቃው ግን ሌላ። አንድ አስመጪ ወዳጄ አምራቹ የላከለትን የምስክር ወረቀት በስልኩ ከፍቶ «እስቲ እየው፣ ደህና ነው አይደል?» አለኝ። ማኅተሙ ያምራል። የሞዴል ቁጥሩን ካርቶኑ ፎቶ ላይ ካለው ጋር ሳስተያየው አይገናኝም፤ ወደ ታች ስወርድ የተፈተሸው ዕቃ የኤልኢዲ አምፖል ነው። አሳየሁት። ጥቂት አየውና «ገንዘቡን እኮ ልኬዋለሁ» አለኝ።