ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ውርጌሳ ለሚኖርና ልጁን ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለሚልክ ቤተሰብ የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ የማይቀመስ በመሆኑ፣ በውጭ አገር አገልግሎ ዳግም ለገበያ የሚቀርበው፣ በተለምዶ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለው ተመራጭ ይሆናል። ምርጫው የሚያሳፍር አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩት ሌኖቮ ቲንክፓድና ዴል ላቲቲዩድ ከብዙ ርካሽ አዳዲሶች ይልቅ ጠንካሮችና ለጥገናም የሚመቹ ናቸው።

ከሁሉ በፊት መመርመር ያለበት ባትሪው ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ብዙም አይሻልምና። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ዘገባ ባትሪው ሲመረት የነበረውንና አሁን የሚይዘውን አቅም ለይቶ ስለሚያሳይ፣ 50,000 ሚሊዋት-ሰዓት የነበረው ወደ 25,000 ከወረደ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፤ ሻጩም ዘገባውን በገዢው ፊት ከፍቶ ለማሳየት ማመንታት አይገባውም።

ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ክፍል፣ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በይፋ አይቀበልም።