በገበያ ቀን የሚዋጥ ክኒን

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ መገጣጠሚያ የሚያም ነገር ሁሉ ስሙ ከሦስት አያልፍም፤ ሪህ፣ ቁርጥማት፣ ወይም «ብርድ መቶኝ ነው»። የስም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሕክምናውን ከሁሉ በፊት የሚያዛባው ግን እሱ ነው። ሪህ በትክክለኛ ትርጉሙ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን ሌሊት በድንገት ይይዛል፤ የሚበዛውም በወንዶች ላይ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የአንጓን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ጠላት ሲያጠቃው የሚነሣ ብግነት ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል። ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጅ ጣቶች ከሥራቸው አብጠው ቡጢ አልጨበጥ ይላሉ፤ የጄሪካኑ ክዳን አልዞር ይላል፤ ጀበናው ከእጅ ያመልጣል፤ ረፈድ ሲል ደግሞ ላላ ይላል። እንዲህ የምትሆነውን ሴት «ሥጋ ተይ» ብሎ መምከር የሌላ ሰው በሽታ ማስታመም ነው። የደም ምርመራውም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም፤ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ከአራት ከአምስት ታማሚ በአንዱ «የለም» ብሎ ይወጣልና የሐኪም ዐይንና እጅ አሁንም ይበልጣል።

ከዚህ በሽታ ጋር ለሚኖር ሰው ዋናው ጥያቄ የቱ መድኃኒት አዲስ ነው የሚለው አይመስለኝም። ቶሎ ተጀመረ ወይ፣ ሳይቋረጥስ ቀጠለ ወይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሸረሸር አጥንት በኋላ አይመለስም፤ እነዚያን ወራት የሚበላብን ደግሞ ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ያበርዳል፣ ሽርሸራውን ግን አያቆምም፤ ሲዘወተር ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። የፕሬድኒሶሎን ነገር ይበልጥ አታላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኮርቲሶን ለአንዲት ታማሚ ሲሰጣት በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ሄደች፤ በ1950 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ዕዳው የመጣው ኋላ ነው፦ ያበጠ ፊት፣ የሳሳ አጥንት፣ ስኳርና የደም ግፊት። ዛሬ በትንሽ መጠንና ለአጭር ጊዜ የሚታዘዘው ዋናው መድኃኒት እስኪሠራ መሸጋገሪያ እንዲሆን ነው፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰውም በአንዴ ማቆም የለበትም።

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። ሥራው የሚታየው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል። ካልበቃ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይጨመሩበታል። ሦስቱም የቆዩ ክኒኖች ናቸው። «ውጭ አገር ያለው መርፌ አይሻልም ወይ?» ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት መልስ ይሰጣል፤ ሜቶትሬክሴት ብቻውን ያልበቃቸውን 353 ታማሚዎች ለሁለት ከፍሎ ሲያወዳድር፣ ሦስቱን ክኒን የወሰዱት ኢታነርሴፕት የተባለውን ውድ መርፌ ከሜቶትሬክሴት ጋር ከወሰዱት አላነሱም። መርፌው ማቀዝቀዣ ይሻል፤ ተኝቶ የነበረ ቲቢም ይቀሰቅሳል፤ ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ክኒኖቹ ያልያዙለት ሰው ግን መኖሩ አይካድም፤ ለእሱ መርፌው ቅንጦት አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን የሐኪም እጥረት ነው። የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከአምባሰል ተነሥቶ አዲስ አበባ መመላለስ ደግሞ ለማን ይቻላል? እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን የግላስጎው ጥናት ግን ልብ ይሏል። 110 ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ መድኃኒቶቹ ያው የቆዩት ነበሩ። አንደኛው ወገን በየወሩ ያበጡ አንጓዎቹ እየተቆጠሩ፣ ካልቀነሱም መጠኑ ከፍ እየተደረገለት ታከመ፤ ሌላው በተለመደው አካሄድ። ከዓመት ተኩል በኋላ በሽታው ጋብ ያለላቸው ከመጀመሪያው ወገን 65 በመቶ፣ ከሌላው 16 በመቶ ነበሩ። ያበጠ አንጓ ለመቁጠር የሠለጠነ እጅና አንድ ደብተር ይበቃል። ሕክምናውን ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ቢጀምረው፣ ቆጠራውና የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራው ቅርብ ባለ ጤና ተቋም ሊቀጥል ይችላል። በእርግጥ ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ካልጠፋ ነው። ሐይቅ ዋና ከተማው የሆነው ተሁለደሬ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። መድን ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ልክ ለሚወሰድ ርካሽ ክኒንም መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ስለ ሜቶትሬክሴት «የካንሰር መድኃኒት ነው፣ ይመርዛል» የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለሽ አይደለም። ለካንሰር በብዙ እጥፍ ይሰጣል፤ ለዚህ በሽታ ግን በሳምንት ከ25 ሚሊግራም አያልፍም፤ ፎሊክ አሲድም አብሮ ይታዘዛል። አረቄና ጠላ ግን በጉበት ላይ ጉዳት ስለሚደርቡ መቅረት አለባቸው። ጠበሉንም ዱዓውንም ክኒኑ አይከለክልም፤ ጉዳት የሚመጣው በእነሱ ምክንያት ክኒኑ ሲቋረጥ ነው። ያበጠ አንጓ ለወጌሻ ማሳሸት ግን ብግነቱን ማባባስ ነው። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ከማርገዟ ቢያንስ ሦስት ወር በፊት ሐኪሟን አማክራ ሜቶትሬክሴትን ማቆም አለባት፤ ጽንሱን ይጎዳል። ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝናም ይወሰዳሉ፤ ይህን ሳይነግሩ ማዘዝ ግማሽ ሕክምና ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የቀን ጉዳይ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ 15 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው ባለ 2.5ቱን ስድስት ክኒን በዚያው ቀን ይውጣል። «በየቀኑ» መስሎት የዋጠ ሰው የደም ሴሎቹ ሊያልቁና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ማንበብ ለማይችል ታማሚ የሚቀለው ቀኑን ከገበያው ቀን ጋር ማሰር ነው፤ ገበያ የሚዋልበትን ቀን የሚረሳ የለም። የመድኃኒት ባለሙያውም ፓኬቱ ላይ «በሳምንት» ብሎ ከማለፍ የቀኑን ስም በትልቁ ይጻፍበት፤ አብሮ ለመጣው ሰውም አስደግሞ ይንገረው።