«ያጣመረው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 19፥6 ስለ ባልና ሚስት ሲናገር «ያጣመረውን» የሚል ቃል አለ። በየሠርጉ ይነበባል፤ «አሜን» እንላለን፣ እልል እንላለን፣ ከዚያ ወደ ምሳው! ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ማጣመር ሲባል ማሰር ይመስለናል። ትዳሩ ሲከብደን «ታስሬ ቀረሁ» የምንለው ለዚህ ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ግን ቃሉ «ሱዜውግኑሚ» ነው፤ በአንድ ቀንበር መጥመድ ማለት ነው። የገበሬ ልጆች ይገባችኋል። ሁለት በሬ ግንድ ላይ ቢታሰር ታሰረ እንጂ ተጠመደ አይባልም። የሚጠመደው ሊያርስ ነው፤ ፊቱ ትልም አለ።

አስተውሉ! የተጠመዱ በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ይስባሉ። አንዱ ቢለግም ትልሙ ይጣመማል፤ ቀንበሩም የሁለቱንም ጫንቃ ይልጣል። ስንቱ ቤት እንዲህ ሆኗል! አንድ አልጋ፣ አንድ ማዕድ፤ ግን ሁለት የተደበቀ ገንዘብ፣ ሁለት ዕቅድ፣ ልጆቹ በመካከል። አብረው ይኖራሉ፤ አብረው አይስቡም።

ለመጋባት የምታስቡ ወጣቶችም ስሙ። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 6፥14 ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ ሲል ከዚያው ከቀንበር የወጣ ቃል ይጠቀማል። ዘዳግም 22፥10 በሬና አህያ አብረው እንዳይጠመዱ ይከለክላል። ጉልበታቸውም አካሄዳቸውም ለየቅል ነው። «ከጋብቻ በኋላ ይለወጣል» ብላችሁ አትግቡ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቀንበር ጅራፍ አይደለም። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው በዚህ ጥቅስ አይሸሸግ። እህቴ ሆይ፣ የምትደበደቢ ከሆነ ዝም አትበዪ፤ ለሚረዳሽ ሰው ተናገሪ፤ ራስሽንና ልጆችሽን አድኚ። ሽማግሌዎችም «ቻይው» ብለን አንመልሳት።

ሌሎቻችን ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዘግተን እንጠያየቅ፦ «እግዚአብሔር ለሁለታችን የሰጠን ትልም የቱ ነው? እኔ የለገምሁት የት ላይ ነው?» ልጆች ማሳደግ ይሆናል፣ ወላጅ መጦር ይሆናል፣ ጎረቤትን በወንጌል መድረስ ይሆናል። መልሱን ይዛችሁ አብራችሁ ተንበርከኩ።

ጉልበት አጥተሃል? ደክሞሻል? ጌታ በማቴዎስ 11፥29 ቀንበሬን ተሸከሙ ብሎ ይጠራናል። መጀመሪያ ለእርሱ የተገዛ አንገት ከትዳር ጓደኛው ጋር መሳብ አያቅተውም። ጌታ ይርዳችሁ፤ አሜን!