ሽምብራም ውሃ ይጠጣል

«ሽምብራ ውሃ አይፈልግም፤ የትም ብትበትነው ይበቅላል» የሚል ወሬ እየተናፈሰ ነው። ይህን አምኖ አሸዋማ መሬቱ ላይ በመስከረም ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ ዘሩንም ድካሙንም ያጣል። ስለዚህ ወሬው ሳይውል ሳያድር መታረም አለበት።

የታወቀውን በአጭሩ ልለፈው። በአገራችን ሽምብራ በብዛት የሚለማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ነው። አሲዳማ አፈር አይስማማውም፤ በአበባው ወቅት ብርቱ ቅዝቃዜ ከመጣ አበባው ይረግፋል።

ዋናው ነገር ውሃው የት እንዳለ ማወቅ ነው። በአድአ፣ በምንጃር፣ በደምቢያ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ቢጠራም ሰብሉ ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ ምክንያቱም የአካባቢው ዋልካ አፈር የክረምቱን ውሃ እንደ ጎተራ አከማችቶለታል። የዋልካ ሸክላ ቅንጣቶች ስስ ንብርብር አላቸው። ውሃ በንብርብሮቹ መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከላይ መድረቅ ሲጀምር የሽምብራው ሥር እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከአንድ ሜትርም ያልፋል። እርግጥ ሁሉም ውሃ አይገኝም፤ ከሸክላው ጋር አጥብቆ የተያያዘውን ሥር ሊስበው አይችልም። አሸዋማ አፈር ግን መጀመሪያውኑ ውሃውን አሳልፎ ስለሚሰደው ለበጋ የሚተርፍ የለውም።

ውሃ ሲተኛበትም ሽምብራ ይጠፋል። ሥሩ ላይ ካሉት እባጮች አንዱን በጥፍር ብትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን እያዘጋጁ ነው። እነሱም ሥሩም አየር ይፈልጋሉ፤ በጨቀየ ማሳ ይታፈናሉ፣ ሥሩም ይበሰብሳል።

የመዝሪያው ጊዜ እኛን የአፈር ባለሙያዎችንም ያከራክረናል። ውሃ የሚያጠነፍፍ ሰፊ መደብ አውጥቶ ቀደም ብሎ መዝራት ምርት ሊጨምር ይችላል፤ ግን እርጥበትና ደመና ሲበዛ አስኮካይታ የሚባለው በሽታ ይበረታል። ስለዚህ ለሁሉም ወረዳ የሚሠራ አንድ ቀን መናገር አይቻልም፤ በዝርያው፣ በማሳው ተዳፋትና በዓመቱ ዝናብ ይወሰናል።

በቀሪ እርጥበት ሽምብራ ልትዘሩ ያሰባችሁ፣ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ማሳችሁን አንድ ክንድ ቆፍሩ። ከታች ያለው አፈር ስትጨብጡት እርጥብ ሆኖ ከተያያዘ ዝሩ፤ በእጃችሁ ላይ ከፈረሰ ወሬውን ተዉትና ሌላ ሰብል ምረጡ።