«አይስብም» የሚባል መኪና

ነዳጅ መስጫው እየተረገጠ ፍጥነቱ እንደሚገባው የማይጨምር መኪና በአሽከርካሪዎችና በመካኒኮች አነጋገር «አይስብም» ይባላል። ይህ አንድ ቃል ግን ጠባያቸው የማይመሳሰል ብልሽቶችን ይሸፍናል፤ አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ራሱ ጉልበት መፍጠር ያቅተዋል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የፈጠረው ጉልበት ጎማው ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለቱን ሳይለዩ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሮጥ የተለመደና ኪስ የሚጎዳ ስሕተት ሲሆን፣ ለመለየት የሚበጀው መሣሪያ አሽከርካሪው ፊት ለፊት የተገጠመው የሞተር ዙር ቆጣሪ፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው ሰዓት ነው።

ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ ዙር ወዲያው ወደ ላይ እየወጣ የመኪናው ፍጥነት ካልተከተለው፣ በማኑዋል መኪና ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚያለያየው ክፍል ነው። ሸራው ያለቀ ፍሪሲዮን ሜዳ ላይ ችግሩን ደብቆ ሊያቆይ ይችላል፤ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ላይ ግን መንሸራተቱም የተቃጠለ ሸራ ሽታውም ይገለጣል። ሜዳ ላይ ቆሞ ለመፈተን መኪናው በእጅ ፍሬን ከተያዘ በኋላ አራተኛ ማርሽ ገብቶ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ካልጠፋ ግን ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ከዘገዩ ደግሞ፣ ሞተሩ ከመወቀሱ በፊት ፍሬን የያዘ ጎማ እንዳለ መታየት አለበት፤ ፍሬን ብዙም ሳይነካ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ከሌሎቹ ጎማዎች ይልቅ በጣም የሚግል ካለ፣ ጥፋቱ የፍሬኑ ነው።

ለአዲስ አበባ መኪኖች አንድ ተጨማሪ ነገር ሊታሰብ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ምንም ሳይበላሽ ያጣል። ኮምፒውተር ያለው መኪና የአየሩን መሳሳት ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ግን ለከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጅ እያበዛ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያለከልክ አነስተኛ መኪና ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ብልሽት የሚባለው መኪናው ባለፈው ወር በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት ዛሬ በሁለተኛ ሲወጣው ነው።

እንዲህ ያለ ለውጥ ከታየ፣ በቤንዚን መኪና ላይ ፍለጋው በአየር፣ በነዳጅና በእሳት ላይ ያተኩራል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ስለሚፈልግ፣ በፒስታ መንገድ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ሞተሩን ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ደግነቱ፣ ለማየት ሽፋኑን መክፈት ብቻ ይበቃል። የነዳጅ ፊልትሮ ሲደፈን ወይም የቤንዚን ፓምፕ ሲደክም ደግሞ መኪናው ዝግ ብሎ ሲሄድ ደኅና ይመስልና ብዙ ነዳጅ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ለመቅደምም ሆነ ዳገት ለመውጣት ሲሞክር፣ ይንቀጠቀጣል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ካንዴላ ነው። ካንዴላ፣ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ማርሚታ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወርሰነው የቀረ ቃል ሲሆን፣ የታመቀውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ስም ነው። ነዳጅ መስጫው በተረገጠ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃ ስለሚጨምር ብልጭታው ለመዝለል የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ጫፉ ያለቀ ካንዴላ ወይም የደከመ ኮይል፣ ማለትም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ጤነኛ መስሎ ዳገት ላይ የሚከዳውም ለዚህ ነው። ተፈቶ ሲታይ ነጩ የሸክላ አፍንጫ ግራጫ ወይም የፈዘዘ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው መልካም ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ የዘይት እርጥበት ሞተሩ ዘይት ማስገባቱን፣ የነጣና የተቋጠረ መልክ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ወይም የነዳጅ ማነስ መኖሩን ይጠቁማል። አራቱ ካንዴላዎች ከየሲሊንደራቸው በተፈቱበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ቢደረደሩ ጥፋቱ የአንዱ ሲሊንደር ይሁን የሁሉም በአንድ እይታ ይለያል።

የኮምፒውተር ምርመራ ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል እንጂ አይተካውም። ለምሳሌ ፒ0171 የተባለው ቁጥር የሚናገረው ድብልቁ ውስጥ ነዳጅ ማነሱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱ የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ ፓምፕ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩን አንብቦ ወዲያው ሴንሰር የሚያስገዛ ባለሙያ እየገመተ ነው። የአየር መለኪያውን ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ማጽዳት ብቻ መኪናውን የሚመልስበት ጊዜ አለ።

አየሩ፣ ነዳጁና እሳቱ ደኅና ሆነው መኪናው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እየታፈነ ከሄደ ጭስ መውጫው ይመረመራል። ካታሊስት የሚባለው፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ጭስ ማጣሪያ፣ ሲቀልጥ ወይም ሲሰባበር መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ አዲስ አየር መሳብ ስለማይችል ዙሩ ከአንድ ቦታ በላይ አልወጣ ይላል። አንዳንድ ጋራዦች ውስጡን ፈልፍለው ባዶ ቱቦ ያደርጉታል፤ መኪናው ይስባል፣ መርዙ ግን ሳይጣራ ከኋላ ለሚሄደው ይተርፋል። ካታሊስት ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፤ ካንዴላ ሳያቀጣጥለው የቀረ ቤንዚን ውስጡ ገብቶ ሲነድ ነው የሚያቀልጠው። ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ አዲሱን ከመግጠሙ በፊት ተመልሶ ካንዴላዎቹን ይፈታል።