የውርጭ ደሴት ነዋሪ፦ ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይና የደጋው ጨፌ

ደሴት ሲባል በውኃ የተከበበ መሬት ይታሰባል። በሥነ ሕይወት ጥናት ግን ነዋሪዎቹ በቀላሉ ሊሻገሩት በማይችሉት አካባቢ የተከበበ መኖሪያ ሁሉ እንደ ደሴት ይታያል። በሞቃታማ ቆላና በጥልቅ ሸለቆ የተከበቡት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች የዚህ ዓይነት ናቸው። በላስታ ምድር፣ ከላሊበላ ከተማ በላይ ከ4,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አንዱ ምሳሌ ነው፤ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጅብራ በውርጭማ አናቱ ላይ ተጠግተው ይኖራሉ። በእነዚህ የየብስ ደሴቶች ረግረግ ላይ ኑሮውን ከመሠረቱት ብርቅዬ አእዋፍ አንዱ ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ይህ ወፍ በወገኑ ውስጥ ብቸኛው ዝርያ ሲሆን ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ዝይ ይባል እንጂ ከአውሮፓና ከእስያ ዝዮች ይልቅ ለዳክዬዎች ይቀርባል፤ የዘረመል ጥናቶች በመካከለኛው አፍሪካ ደን ጅረቶች ከሚኖር አንድ ዳክዬ ጋር ያዛምዱታል።

አካሉ ግራጫ ቡናማ ነው። ስሙን ያገኘበት ፈዛዛ ሰማያዊ የክንፍ ክፍል በይበልጥ የሚታየው ሲበር ነው። ላባው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የደጋውን የሌሊት ብርድ ይከላከልለታል። ቆሞ ሲያርፍ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ ማሳረፍ ልማዱ ነው። ጥሩ ዋናተኛ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በየብስ ላይ ሣርና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎችን በመጋጥ ነው፤ ትላትልና ነፍሳትም ይመገባል። ጎጆውን በሣር መካከል መሬት ላይ ስለሚሠራ እንቁላሉና ጫጩቶቹ ለከብት ኮቴና ለውሻ የተጋለጡ ናቸው። እንደ ሌሎቹ የዳክዬ ቤተሰቦች የክንፍ ላባውን በአንድ ጊዜ ስለሚቀይር፣ መብረር በማይችልባቸው ሳምንታት መሸሸጊያው ውኃና ረግረግ ብቻ ነው።

የዝርያው ዕጣ ከዚህ የመኖሪያ ጥገኝነት ጋር የተሳሰረ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዝይና ዳክዬ ስለማይበሉ ወፉ ለዘመናት ከአዳኝ እጅ ተጠብቆ ኖሯል። ይሁን እንጂ ክልከላው የጠበቀው ወፉን እንጂ ጨፌውን አይደለም። የእርሻ መሬት ሲጠብ የገብስ ማሳ ወደ ተራራው ይገፋል፤ ከብትም በበጋ ለምለም ሣር ወደሚገኝበት ረግረግ ይወርዳል። የተረጋገጠ ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ገበሬ በዚህ መውቀስ አይቻልም። ይሁንና የተጠነጠነው ረግረግ ሲደርቅ የሚጎዳው ወፉ ብቻ አይደለም። ከላስታ ከፍታዎች የሚነሣውን ተከዜን ጨምሮ የደጋ ወንዞች የበጋ ፍሰት፣ እንዲህ ባለው ሣርና አፈር ውስጥ በክረምት በሚጠራቀመው ውኃ ይደገፋል። የአየር ሙቀት መጨመርም ተጨማሪ ሥጋት ነው፤ በተራራ አናት ላይ ላለ ነዋሪ ከዚያ በላይ የሚሸሽበት ከፍታ የለምና።

በዚህ ረገድ የመንዝ ጓሳ ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። ቀሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ማኅበረሰቡ ጓሳውን ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ እየከለለ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር በመተዳደሪያ ደንብ ይጠቀምበት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቀሮ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎ ሥፍራው እስከ ዛሬ የቀይ ቀበሮና የደጋ አእዋፍ መጠለያ ሆኗል። ከዚህ የሚገኘው ዋና ፍሬ ነገር፣ ጥበቃ የሚዘልቀው የሚጠብቀው ሰው ከሚጠበቀው ነገር ተጠቃሚ ሲሆን ነው የሚል ነው።

ስለሆነም በላስታም ሆነ በሌሎች ደጋዎች የሚደረግ ጥናት ወፉን በመቁጠር ብቻ ሊወሰን አይገባም። የትኛው ጨፌ በየትኛው ወር ለመራቢያ እንደሚያገለግል፣ ግጦሹ መቼ ቢገታ ጫጩቶች ሊተርፉ እንደሚችሉ፣ የከብቱ ባለቤትም በእነዚያ ሳምንታት መኖ ከየት እንደሚያገኝ አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል። ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይ የሚኖርበት ደሴት ዳርቻው ባሕር ሳይሆን ማሳ ነው፤ ዳርቻውን የሚወስነውም ማሳውን ከሚያርሰው ሰው ጋር የሚደረስበት ስምምነት ነው።